ማሽንን በብልኀት ማሸነፍ ነውር ነውን?



በዚህ ዓመት በግቢያችን ውስጥ ስለ ብዙ ነገር ተከራክረናል። ስለ ኳስ ተከራክረናል፤ ስለ ፈተና ውጤት ተከራክረናል፤ የክፍል አለቃ ማን ይሁን በሚለውም ተጨቃጭቀናል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆየውና እስከ ዛሬም ፈጽሞ ያልበረደው በእኔ ምክንያት የተነሣው ክርክር ነው። ይኸውም «ኮምፒዩተርን በቼዝ ለማሸነፍ ሲባል ለእርሱ ብቻ የተዘጋጀ ዘዴ መጠቀም እውነተኛ ጨዋታ ነውን ወይስ ማጭበርበር?» የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሐሳቡን ተናግሯል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። ዝም ያልሁበትን ምክንያት በስተመጨረሻ እገልጻለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ወላጆች ባጭሩ ላስረዳ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ላይ የጨዋታ ክበባችን በኮምፒዩተር ክፍል አንድ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ያሸነፈ ተማሪ አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ መዝገበ ቃላት ይሸለማል። 23 ተማሪዎች ተመዘገብን። 21ዱ ተሸነፉ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ሰዓት ያህል ታግላ እኩል ወጣች። በመጨረሻ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ፤ በ22ኛው እርምጃ ማት አልሁት። ጊዜው ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ትከሻዬንም መቱኝ። ያቺ እኩል የወጣችው ልጅ ግን አላጨበጨበችም። ሰዉ ሲበተን ጠብቃ አጠገቤ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ እኮ አላሰብህም፤ እጅህ እንደ ዳዊት ደጋሚ አፍ ነበር የሚሮጠው» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እርስዋም አልተቆጣችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

በማግሥቱ ወሬው በየክፍሉ ተዳረሰ። ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥበትን መንገድ አጥንቼ መምጣቴ ታወቀ። ከዚህ በኋላ ተማሪው ከሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ደንብ አልጣሰም፤ ማሽኑ ሞኝ ከሆነ የእርሱ ጥፋት አይደለም» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቼዝ ማለት ማሰብ ነው፤ የማሽኑን ጉድለት ፈልጎ እዚያው ላይ መውጋት ግን ማሰብ ሳይሆን ቀዳዳ መፈለግ ነው» አለ። ከመምህራኖቻችንም ይህንን የደገፈ አለ፤ ያንን የደገፈም አለ።

እኔም ፍርዱን ለራሴ ለመስጠት ስል በዚህ ነገር ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ያነበብሁትንና የደረስሁበትን እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ይህ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ ያለመሆኑ ነው። ቼዝ የምንለው ከውጭ የመጣ ስም ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሰንጠረዥ እያሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጫውተውታል። ዓፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደ ነበር እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ መዝግበዋል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ እንደ ነበሩ ይነገራል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ስለ አገራችን ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል።

የዚያ ጨዋታ ደንብ አሁን በኮምፒዩተር ከምናውቀው በብዙ ይለያል። መጫወቻው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ መስመር የተሰመረበት ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬይቱ ንግሥት ኀይለኛ ሳይሆን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አጀማመሩ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እጅ እያየ እንደየፍላጎቱ ይራመዳል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በወረራ ጊዜ ጥሩ ተጫዋች የሚባለው ጨርቁን ብቻ የሚያይ አልነበረም፤ ባላጋራውንም የሚያይ ነበር። ይህ ሰው ችኩል ነውን? ፈሪ ነውን? በቀኝ በኩል ማጥቃት ይወዳልን? ሰልፉን የሚያሰናዳው በዚህ መሠረት ነው። ስለዚህ ባላጋራን አውቆ ለእርሱ የሚሆን ሰልፍ መሰለፍ በአገራችን ሰንጠረዥ ማጭበርበር ሳይሆን የጨዋታው መግቢያ በር ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሌላም ሕግ አለ። የተፈቀደ ነገር ሁሉ የሚያስመሰግን አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1840ዎቹ ጀምሮ በአገራችን የኖረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ጽፎ እንደ ተወው፣ በኀይለኞቹ ጠጠሮች ማለት በደር ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ የተገኘ ማት ግን ይሞገስ ነበር። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውን ንጉሥም ማት ማለት አይፈቀድም ነበር። እንግዲያስ አባቶቻችን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር ማለት ነው። አንደኛው «አሸንፈሃልን?» ሲሆን ሁለተኛው «እንዴት አሸነፍህ?» የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይተን ከያዝን የእኛም ክርክር ይቀላል።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። ኮምፒዩተር ቼዝ ሲጫወት እንደ ሰው አያስብም። የሚቻሉትን እርምጃዎች፣ ለእያንዳንዱም የሚሰጡትን መልሶች እየዘረዘረ ወደ ፊት ይቈጥራል፤ ከዚያም የሚበልጥ ዋጋ የሚያገኝበትን ይመርጣል። የጥንቶቹ ማሽኖች ይህን የሚያደርጉት እስከ ተወሰነ እርምጃ ድረስ ነበር። ከዚያ ወሰን ወዲያ ያለው ነገር በዞብል ተራራ ማዶ እንዳለ አገር አይታያቸውም። ስለዚህ ጨዋታው ክፍት ሆኖ ጠጠር በጠጠር ሲባላ እጅግ ብርቱ ናቸው፤ ጨዋታው ተዘግቶ ወታደር ከወታደር ጋር ሲፋጠጥና ረጅም አሳብ ሲያስፈልግ ግን የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

ይህን ጉድለት አስቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ ዴቪድ ሌቪ የሚባል የስኮትላንድ ተጫዋች ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. «እስከ 10 ዓመት ድረስ በቼዝ የሚያሸንፈኝ ኮምፒዩተር አይገኝም» ብሎ ከሊቃውንት ጋር ተወራረደ። በ1978 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የዘመኑ ብርቱ ከነበረው ማሽን ጋር ገጥሞ 3 ተኩል ለ1 ተኩል ረታ። ዘዴውም ምንም ነገር ሳያደርጉ፣ ግን ያንኑ ምንም ያለማድረግ በጥንቃቄ እያደረጉ መጠበቅ ነበር። እርሱ አድፍጦ ሲጠብቅ ማሽኑ የሚቈጥረው ነገር አጥቶ ራሱን ያዳክማል። ሌቪን አጭበርባሪ ያለው ሰው አልነበረም፤ የውርርዱንም ገንዘብ ተቀብሏል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ በኒውዮርክ ከተማ ዲፕ ብሉ ከተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ማሽን ጋር ተጋጠመ። ማሽኑ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 200 ሚሊዮን የሰልፍ ዓይነት መመርመር ይችል ነበር። ካስፓሮቭ በሦስተኛው ጨዋታ የመጀመሪያ እርምጃው፣ በንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ማስኬድ ሆነ። እንዲህ ያለውን አጀማመር ታላላቅ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ አይመርጡትም። ያደረገውም ማሽኑን ከተዘጋጀለት የአጀማመር መዝገብ አውጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ለመጣል ነው። ያ ጨዋታ እኩል ለእኩል አለቀ፤ በጠቅላላው ውጤት ግን ካስፓሮቭ 3 ተኩል ለ2 ተኩል ተረታ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የቼዝ ሊቅ ቀጥረው ካስፓሮቭን ለመርታት ሲያሰናዱት ነበር፤ በአንዱና በሌላው ጨዋታ መካከልም ያሻሽሉት ነበር፤ ይህም በደንቡ የተፈቀደ ነው። ካስፓሮቭ ግን የማሽኑን የቀድሞ ጨዋታዎች ለማየት ጠይቆ አልተሰጠውም። እንግዲህ ልጠይቅ። ማሽን ሰውን እንዲረታ ተለይቶ ሲሰናዳ «ብልኀት» ከተባለ፣ ሰው ማሽንን ለመርታት ተለይቶ ሲሰናዳ ስለ ምን «ተንኰል» ይባላል?

ከዚህ ጋር በ2006 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቦን የተደረገውን አስተያዩት። ቭላዲሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ሲጋጠም፣ የሚገጥመው ፕሮግራም ቅጂ ከውድድሩ በፊት ተሰጥቶት እቤቱ አጥንቶታል። በጨዋታውም ጊዜ ማሽኑ ከአጀማመር መዝገቡ ሳይወጣ በሚቆይበት ሰዓት መዝገቡን እንዲያይ ተፈቅዶለት ነበር። እንዲያም ሆኖ 4 ለ2 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ጨዋታም በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ማት ሳያይ ቀረ። ነገር ግን ከውድድሩ በኋላ «ተደበቀብኝ» የሚል ክስ አልተሰማም። ምክንያቱም የሚታየው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በስምምነት ታይቷል።

ማሽኖች ከዚያ ወዲህ እጅግ በርትተዋል። ዛሬ በኪስ ስልክ ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ይረታል። ቢሆንም ጉድለት ፈጽሞ አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ ሪብካ የተባለውን ብርቱ ፕሮግራም በፈጣን ጨዋታ በ271 እርምጃ ረትቶታል። ሰልፉን ሁሉ ቆልፎ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቆየ። በቼዝ ደንብ 50 እርምጃ ያለ መብላትና ወታደር ሳይነቃነቅ ካለፈ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ማሽኑም እበልጣለሁ ብሎ ስለ ቈጠረ እኩል መውጣትን እምቢ ብሎ አጥሩን ራሱ አፈረሰና ተሸነፈ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ማሽን የተነገረ ይመስላል።

ጎ በሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታም በ2023 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች ካታጎ የተባለውን ታላቅ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸንፎታል። ዘዴው ሰፊ ክብ ሠርቶ የማሽኑን ጠጠሮች ቀስ እያለ መክበብ፣ በሌላው ማዕዘን ደግሞ እያታለሉ ማዘናጋት ነበር። ጎ የሚያውቅ ሰው ቢሆን በቶሎ ይነቃበት ነበር፤ ማሽኑ ግን አልነቃም። ከዚህም የምንማረው፣ እነዚህን ማሽኖች ለከባድ ሥራ ሁሉ ከማመናችን በፊት ጉድለታቸውን የሚፈልግ ሰው ያስፈልገናል ማለትን ነው። ጉድለት ፈላጊውን «አጭበርባሪ» ብለን ካባረርነው ግን ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በደንቡ ውስጥ እስከ ሆነ ድረስ ማሽንን በልዩ ዘዴ መግጠም ነውር አይደለም። ማጭበርበር ማለት የሰውን እምነት መብላት ነው። ማሽን ደግሞ አያምንምና እምነቱ አይበላም፤ አያፍርም፤ ሲሸነፍም እንቅልፍ አያጣም። በእኛ አገር ማሽላ ሲያሸት ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ሲመጣ፣ በማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ በወንጭፍ ይመልሰዋል። ወፏ ክንፍ አላት፣ እርሱ ግን የለውም። ብልኀት ካልተጠቀመ ምን ይጠቀማል?

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለት «እንዴት አሸነፍህ?» ስለሚለው ግን ተቃዋሚዎቼ ከፊል እውነት እንዳላቸው አምናለሁ። እኔ በዚያ ቀን የተጫወትሁት ጨዋታ የሚሞገስ አልነበረም። ያቺ ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያየችውን ያህል እኔ በሩብ ሰዓት አላየሁም። እርስዋ እኩል የወጣችበት ጨዋታ በፈርዝ እንደ ተገኘ ማት ሲሆን፣ የእኔ ድል በደር እንደ ተሰጠ ማት ነው። ድል መሆኑ ድል ነው፤ ግን ማንም ስለ እርሱ አይዘፍንም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ለእኔ በተመቸኝ ነበር። ነገር ግን አልጨረስሁም።

በጥር ወር የዕረፍት ጊዜ ወደ ጎብዬ ሄጄ ለአያቴ ይህንን ክርክር ነገርሁዋቸው። አያቴ ቼዝ አያውቁም፤ በወጣትነታቸው የሚያውቁት መሬት ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱትን ገበጣ ነው። እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙኝና «እንግዲህ ማሽኑ እንደ ጎርፍ ነው በለኛ» አሉኝ።

«እንዴት አባባ?» አልሁ።

በእኛ በራያ ቆላ ጎርፍ ምን እንደሆነ ለቆቦ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። ክረምት ሲገባ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በሆርማትና በጎሊና ሲመጣ ድንጋይ ይዞ፣ ግንድ ይዞ ነው። ከጎርፍ ጋር ፊት ለፊት ግብግብ የሚገጥም ገበሬ የለም። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ መጥለፊያ ይሠራል፤ በቦይ እየመራም ውኃውን ወደ ማሽላው ያገባዋል። ያ ሊያጠፋው የመጣው ጉልበት እርሻውን ያጠጣለታል። ደካማው ኀይለኛውን በዘዴ አሸነፈው ማለት ነው።

አያቴም ይህንኑ ካስታወሱኝ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ጎርፉን ብትጠልፈው ጎርፉ ተታለልሁ ብሎ አይከስህም። የሚከስህ ከታች ያለው ጎረቤትህ ነው። ጎረቤትህ እያየ፣ በተራህ ከጠለፍኸው ጎበዝ ትባላለህ። ሌሊት ተነሥተህ ማንም ሳያይ ከጠለፍኸው ግን የውኃ አባት ይቀጣሃል። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ መጥለፊያውም ያው መጥለፊያ ነው። አንተስ ልጄ፣ በቀን ነው የጠለፍኸው ወይስ በሌሊት?»

ይህን ጊዜ አፌ ተያዘ።

ወድ አንባብያን ሆይ፤ ዝም ያልሁበትን ምክንያት አሁን ልግለጽ። በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም በቆቦ ከተማ በአጎቴ ሱቅ ውስጥ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይም አለ። ውድድሩ ከመደረጉ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ እዚያ እየሄድሁ ስጫወት ነበር። በዚያ በተመረጠው ደረጃ ላይ ማሽኑ ለአንድ ዓይነት ሰልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ፣ በነፃ የቀረበለትንም ወታደር ሳይበላ እንደማያልፍ ደረስሁበት። እርምጃዎቹን ሁሉ በደብተር ጻፍሁ፤ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥም በቃሌ ያዝሁ። ጓደኞቼ በየማታው «የት ትሄዳለህ?» ሲሉኝ «አጎቴን ላግዝ» እያልሁ እዋሻቸው ነበር። ከ23ታችን መካከል ማሽኑን አስቀድሞ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሌሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት እኔ ለመቶኛ ጊዜ አየሁት።

እንግዲህ በደሉ የት ላይ እንዳለ ታያላችሁ። ማሽኑን አልበደልሁትም። የበደልሁት ከጎኔ የተሰለፉትን ጓደኞቼን ነው። ሁላችንም በየተከራከርንበት ቦታ ተሳስተን ነበር፤ አንዱ «ማሽኑን አታለለ» ይላል፣ ሌላው «አላታለለም» ይላል፤ በማሽኑና በእኔ መካከል ግን ክስ አልነበረም። ሽልማቱን የሚወዳደሩት ሰዎች ናቸው፤ ፍትሕም የሚያስፈልገው በእነርሱ መካከል ነው። ካስፓሮቭ የተማረረው ማሽኑ ብርቱ ስለሆነ ሳይሆን እርሱን አውቀውት እርሱ ግን እንዳያውቅ ስለ ተደበቀበት ነው። እኔም ለጓደኞቼ ያው ሆንሁባቸው።

በዛሬው ዓለም ያለው እውነተኛ የቼዝ ችግርም ይኸው ነው። ሰው ማሽንን በማታለሉ የተከሰሰበት ጊዜ የለም፤ ሰው በማሽን ተደግፎ ሰውን በማታለሉ ግን ብዙ ሰው ተከሷል። በ2019 ዓ.ም. አንድ የአውሮፓ ታላቅ ተጫዋች በፈረንሳይ አገር ውድድር ላይ ሳለ በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልክ ይዞ ተገኝቶ፣ የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ለ6 ዓመት አግዶታል፤ ማዕረጉንም ገፎታል። የእኔ ጥፋት ከዚህ ያነሰ ነው እላለሁ፤ ግን ዘመዱ ነው። ሁለቱንም የሚያስጠላቸው መደበቃቸው ነው።

ይህ ነገር ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም እንዳለው መምህራኖቻችን ይረዱታል። የባለፈውን ዓመት ፈተና ከታላቅ ወንድሙ አግኝቶ በቃሉ የያዘ ተማሪና ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ያነበበ ተማሪ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ፈተናውን አሸንፏል፤ ትምህርቱን ግን አላሸነፈም። ያንኑ የቆየ ወረቀት በክፍል ውስጥ ለሁሉ ቢያነብላቸው ኖሮ ግን መምህር በሆነ ነበር።

ከጎብዬ እንደ ተመለስሁ መዝገበ ቃላቱንና ያልጻፍሁባቸውን ደብተሮች ይዤ ወደዚያች ልጅ ሄድሁ። እውነቱን ሁሉ ነገርኋትና «ሽልማቱ የአንቺ ነው» አልኋት። እርስዋም ጥቂት ካሰበች በኋላ «መዝገበ ቃላቱን እወስዳለሁ፤ ደብተሩ ግን አያስፈልገኝም። እርምጃዎቹን የጻፍህበትን ደብተር አሳየኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ስትመልስልኝ በ14ኛው እርምጃ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋበት ነበር። እኔ በ22 እርምጃ የጨረስሁትን እርስዋ በ17 የምትጨርስበትን መንገድ አግኝታለች። እኔ በሦስት ሳምንት ያላየሁትን ማለት ነው።

ደብተሩ ከእርስዋ ወደ ሌሎች አለፈ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ክበባችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማሽኑን ማሸነፍ ቻለ። ያን ጊዜ የክበባችን ኀላፊ መምህር ስቀው ማሽኑን አንድ ደረጃ ከፍ አደረጉት፤ ሁላችንም እንደገና ተሸነፍን። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ውድድር ይልቅ በዚህ ሽንፈት ብዙ ተምረናል፤ አሁን ማታ ማታ አብረን ነውና የምንቈጥረው።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ውድድር ሦስት ነገር እንዲደረግ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከውድድሩ በፊት ለሁሉም ተማሪ እኩል የልምምድ ሰዓት ይሰጥ፤ እቤቱ ወይም በዘመዱ ዘንድ ኮምፒዩተር ያለውና የሌለው እንዳይበላለጡ። ሁለተኛ፣ ማንም የፈለገውን ዘዴ በማሽኑ ላይ እንዲጠቀም በግልጽ ይፈቀድ፤ ያሸነፈ ግን ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት ያሸነፈበትን መንገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሁሉ ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ከማሽኑ ውድድር ጎን የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ከነወረራው ይሞከር። ማሽኖቻችን ተራ እየጠበቁ እንዲጫወቱ የተሠሩ ናቸው፤ ወረራ ግን የባላጋራን ዓይንና እጅ እያዩ የሚጫወቱት ነው። እዚያ ላይ ደብተር አይጠቅምም።

ጽሑፌን ስፈጽም፣ «ማሽንን በብልኀት ማሸነፍ ነውር ነውን?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ «አይደለም» የሚል ነው። በቀን ከሆነ፣ ጎረቤትህ እያየ ከሆነ፣ ብልኀት ክብር ነው። በሌሊት ከሆነ ግን ጎርፉን አይደለም ያታለልኸው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፣ መዘግየቴን ጓደኞቼ ይቅር እንዲሉኝ በዚህ መጽሔት ፊት እለምናለሁ።